ባለቤቴ ሳሎናችንን የካውቦይ መንደር አደረገው

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቴክሳስ፣ ከዳላስ አጠገብ በምትገኘው ጋርላንድ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅና የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፤ እሱ ረጅም መንገድ የሚሄድ ትራክ ስለሚነዳ አንዴ ከወጣ አሥር ቀን፣ ሲብስም ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጥሩ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ ገንዘብ አያባክንም፣ ልጆቹን ይወዳል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ነገሬ ትልቅ ክስ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው።

ያጣላን የግድግዳ ታፔላ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቤቱን ስንገዛ ከበሩ በላይ አንድ የዛገ የፈረስ ጫማ ብረት ሰቀለ፤ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ካንተን በምትባለው ከተማ በየወሩ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ «ሳሉን» (መጠጥ ቤት) የሚል፣ ቀለሙ ሆን ተብሎ የተላላጠ ጣውላ አምጥቶ ከወጥ ቤቱ መግቢያ በላይ አደረገው። ከዚያ በቆርቆሮ ላይ የተሳለ ቀንደ ረጅም በሬ መጣ፤ ከዚያ በእሾህ ሽቦ የተከበበ «እንኳን ደህና መጣችሁ»፤ ከዚያ የሽጉጥ ሥዕል ያለበት «መሣሪያህን በር ላይ አስቀምጥ» የሚል ሰሌዳ። ባለፈው ሳምንት ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ስቆጥር አሥራ አራት ደረሱ። እናቴ የሰፋችልኝ ሌማት፣ ላሊበላ የገዛሁት የብራና ሥዕልና የሠርጋችን ፎቶ ግን አሁንም ሻንጣ ውስጥ ናቸው።

ለመጻፍ ያስገደደኝ የወንዱ ልጄ ልደት ነው። ባለቤቴ ልጁ ትምህርት ቤት የተነሣውን ፎቶግራፍ መሃል ላይ ያደረገ ሰሌዳ አሠርቶ መጣ። ከላይ «ተፈላጊ»፣ ከታች ደግሞ «ሞቶም ሆነ በሕይወት፤ ወሮታው 5,000 ዶላር» ይላል። ልጁ በደስታ ዘለለ። እኔ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ባለቤቴም «ቀልድ እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። መንገድ በወጣ ማግስት አውርጄ ጋራዥ ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ደበቅሁት። ሲመለስ አገኘው። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብሎኝ ከርሞ ተመልሶ ሄደ።

አሁን ደግሞ ከፈረሰ የከብት በረት የወጣ አሮጌ ጣውላ ገዝቶ ጋራዡን ሞልቶታል። የቤተሰባችን ስም ከ«ራንች» (የከብት እርባታ) ጋር የሚጻፍበት፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰሌዳ ሠርቶ በሳሎኑ ትልቁ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ናት። እናቴ ከሰባት ሳምንት በኋላ ከደሴ ትመጣለች፤ «ሳሉን» ከሚል ጽሑፍ ሥር ቁጭ ብላ ቡና ስትጠጣ ሳስባት ያሳፍረኛል። የሱ ቤተሰቦች የእንጅባራ ሰዎች ናቸው፤ አባቱ ዛሬም ጥር 23 ቀን ፈረስ ይጋልባሉ፣ እሱም የሚላክለትን ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል፤ እንዲህ ካለ ባህል የወጣ ሰው በሰው አገር የከብት ጠባቂ ጌጥ እንዲህ ማበዱ አይገባኝም። እናቴ ከመምጣቷ በፊት ሁሉንም አውርድ ልበለው? ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

ግድግዳው የጠበባት፣ ከጋርላንድ

ውድ እህቴ፣

ከልጅሽ ፎቶግራፍ ልጀምር፤ ከአሥራ አራቱ ታፔላዎች መካከል ጊዜ የማይሰጠው እሱ ብቻ ነውና። ሰውነትሽ ለምን እንደቀዘቀዘ ማስረዳት አለመቻልሽ ስሜትሽን ከንቱ አያደርገውም። የምትኖሩበት ግዛት ከካውቦዮች ዘመን በፊት ሌላ ዓይነት የ«ተፈላጊ» ማስታወቂያ ነበረው። ከባርነት ያመለጠ ሰው ቁመቱ፣ የቆዳው መልክ፣ በገላው ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ተዘርዝሮ፣ ይዞ ለመለሰው ይህን ያህል ዶላር ይከፈላል እየተባለ በጋዜጣ ይታተም ነበር። ነፃነት በጋልቨስተን የታወጀው እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1865 ሲሆን፣ በቀንደ ረጅም ከብት መንጋ የሚታወቀው የካውቦይ ዘመን የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ አገር የሚያድግ የጥቁር ልጅ ፊት «ሞቶም ሆነ በሕይወት» ከሚል ቃል ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲውል፣ አንቺ ታሪኩን በዝርዝር ባታውቂውም አንድ ነገር ተሰምቶሻል። የተሰማሽም በከንቱ አይደለም።

ባለቤትሽ ደግሞ ይህን ያላየው ግድ ስለሌለው አይመስለኝም። በእኛ አገር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ፊልም ያየ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሥዕሉ በየግንቡ የተለጠፈበት ሰው በመጨረሻ አክተሩ ራሱ ሆኖ ይገኛል፣ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። ባለቤትሽ ልጁን አክተር ሊያደርገው ፈልጎ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሁለታችሁም አንድን ሰሌዳ እያያችሁ ሁለት የተለያየ ነገር እያነበባችሁ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላውና የሚመጡት ጓደኞቹ፣ የጓደኞቹም ወላጆች ያንን ግድግዳ ሲያዩ የሚያነቡት የአባቱን ሐሳብ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር ላይ ጸንተሽ ቁሚ እላለሁ፤ ሰሌዳው ተመልሶ አይሰቀል።

ሆኖም ልጁ ስጦታውን ወዶታል፤ እንዲሁ ቢጠፋበት ያጠፋ ይመስለዋል። ለመሆኑ ከደበቅሽው ወዲህ የት ሄደ ብሎ ጠይቆሽ ያውቃል? ምንስ ብለሽ መለስሽለት? እኔ ብሆን ፎቶግራፉን ከክፈፉ አውጥቼ፣ ክፈፉን ለአባትና ለልጅ መልሼ፣ «ይህን ቃል እንለውጠው» እላቸው ነበር። ለለውጡም የሚሆን ሰው አለ። ባስ ሪቭስ በባርነት ተወልዶ፣ ከባርነት አምልጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1875 የፌዴራል ማርሻል ምክትል ሆኖ የተሾመ ጥቁር ሰው ነበር፤ ከቴክሳስ በስተሰሜን ባለው፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር ከሠላሳ ዓመት በላይ በፈረስ እየዞረ ወንበዴ ሲያሳድድ ኖሯል። ልጅሽ ተፈላጊ ከሚሆን ፈላጊ ቢሆንስ? ከቆርቆሮ የተቆረጠ ኮከብና የልጁ ስም ያሉበት ሰሌዳ ለአባትየው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ልጁም ከጓደኞቹ አንዱም የማያውቀውን ታሪክ ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደማይመችሽ ነገር ልምጣ። ሰሌዳውን ማውረድሽ ትክክል ነበር፤ ያወረድሽበት ሰዓትና የደበቅሽበት ቦታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤትሽ ሁለት ሳምንት በትራክ ጋቢና ውስጥ እየተኛ፣ በነዳጅ ማደያ እየታጠበ ሲመለስ የሚያስበው ያንኑ ሳሎን ነው። በሌለበት ግድግዳው ተለውጦ፣ ለልጁ ያመጣው ስጦታ ከልብስ ማጠቢያ ኋላ ተሰንቅሮ ሲያገኘው ምን የተሰማው ይመስልሻል? ሦስት ቀን ዝም ማለቱ ጥሩ አልነበረም፤ ይሁንና ዝምታው ከቁጣ ይልቅ የኀፍረት ዝምታ ሊሆን እንደሚችል አስቢበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግራችሁ በይቅርታ ይጀመር፤ አጭር ይሁን፣ «ግን» የምትለዋ ቃልም አትግባበት። «ሳልነግርህ ማውረዴ ልክ አልነበረም፤ የፈራሁትን ነገር ለመናገር ቃል አጥቼ ነው፤ አሁን ልንገርህ» ካልሽው በኋላ ስለ ጋዜጣው ማስታወቂያ ንገሪው። በስልክ አታድርጊው፤ መሪ ይዞ ነውና የሚሰማሽ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው አንድ ነገር ደግሞ እኔን አላሳልፍ ብሎኛል። አማትሽ እንጅባራ ላይ በጥር 23 ፈረስ ይጋልባሉ፤ ልጃቸው ቪዲዮውን ደጋግሞ ያያል፤ የካውቦይ ጌጥ መውደዱ ግን አይገባሽም። እህቴ፣ መልሱን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጽፈሽልኛል እኮ! የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ሲዘክር የኖረ ማኅበር ነው። በዚያ ቀን ያጌጠውን መጣብር (የፈረስ ጌጥ)፣ የኮርቻውን ልብስ፣ አቧራውን እያየ ያደገ ልጅ፣ ዛሬ ማርሽ ብቻ የሚቀይር ሾፌር ሆኖ በጠፍጣፋው ቴክሳስ ሲነዳ፣ ከመንገዱ ዳር ፈረስና ኮርቻ የተሳለበት ጣውላ ቢያይ ቆሞ ቢገዛው ምን ይገርማል? ጋርላንድ ውስጥ የመጣብር ሱቅ የለም። የፈረስ ጫማ ብረት ግን በየገበያው ሞልቷል።

ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠይቂው፤ የምትጠይቂውም ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ ይሁን። ከአሥራ አራቱ ቤታችን ቢቃጠል ይዘኸው የምትወጣው የትኛውን ነው? የመጀመሪያውን የፈረስ ጫማ የሰቀልህ ቀን ምን አስበህ ነበር? እነዚህን ብትጠይቂው ከታፔላዎቹ አምስት ወይም ስድስቱ ዋጋቸው ስለረከሰ ብቻ የተገዙ ሆነው ይገኛሉ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነገር እንደዚያ ነው፤ ባዶ እጅ መመለስ አይቻልም። እነዚያን እሱ ራሱ ያወርዳቸዋል።

«የሰው አገር የከብት ጠባቂ ጌጥ» ያልሽውንም ትንሽ ልፈታተነው። «ራንች» የሚለው ቃል የመጣው ከስፓኝኛው «ራንቾ» ነው፤ ገመዱን «ላሪያት» የሚሉትም «ላ ሪያታ» ከሚለው ወስደው ነው፤ ቀንደ ረጅሞቹ ከብቶች ራሳቸው ስፓኝያርዶች በመርከብ ያመጧቸው ከብቶች ዝርያ ናቸው። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ከአራቱ ካውቦዮች አንዱ ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ፤ ፊልሞቹ ያላሳዩን ይህን ነው። ከእናንተ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል በምትርቀው ፎርት ዎርዝ፣ ስቶክያርድስ በሚባለው የቀድሞ የከብት ገበያ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደው የቢል ፒኬት ሐውልት ቆሟል። ይህ ጥቁር ካውቦይ ከሚጋልብ ፈረስ ዘሎ የሚሮጥ ወይፈን ቀንዱን ይይዝና ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ይጥለው ነበር፤ በሬ መጣሉ ዛሬም የሮዴዮ ውድድር አካል ነው፣ ንክሻው ቀርቶ። በዚያው ሰፈር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ቀንደ ረጅም ከብቶች በጡብ መንገዱ ላይ ይነዳሉ። ባለቤትሽ በሚያርፍበት ቅዳሜ አራታችሁም ሂዱና እዩ። ምናልባት አንቺም አንድ የምትወጂው ነገር ታገኚበት ይሆናል፤ ባታገኚም ልጁ ሲያይ አባቱ የሚሆነውን ታያለሽ።

የሽጉጡን ሰሌዳ በሚመለከት አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ያ ጽሑፍ ከቀልድ የመጣ አይደለም። በካንሳስ ዶጅ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ፤ በሰፊው መንገድ መሃል የቆመ የእንጨት ሰሌዳ መሣሪያ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ያሳውቃል፤ እዚያው ላይ የመድኃኒት መጠጥ ማስታወቂያም ተጽፎበታል። ከብት ነድተው ወራት የከረሙ ጎረምሶች ገንዘባቸውን ይዘው ከተማ ሲገቡ እንዳይጋደሉ የወጣ ደንብ ነው። እናትሽ ሥዕሉን አይተው ቢደነግጡ «ጠመንጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ነው» በያቸው፤ «ታዲያ ደግ አደረገ» የሚሉሽ ይመስለኛል። ግን የልጆች መኝታ ቤት በር ላይ ከሆነ የተሰቀለው፣ ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ወደ ትልቁ ጣውላ እንምጣ፤ የምትከራከሩበት እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ የምትታረቁበትም እሱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን ጣውላው ራሱ ይታይ። በዚህ አገር ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እርሳስ ያለበት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከፈረሰ በረት የወጣ አሮጌ ቀለም ያለው እንጨት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሳይመረመር በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ያውም የአምስት ዓመት ልጅ በምትመላለስበት ጋራዥ ውስጥ፣ አይገባም። መመርመሪያው በየቀለም መደብሩ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ ጣውላውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርገው፤ ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጡ ክብ ቀዳዳዎች ካሉና ከነሱ እንደ በሶ የላመ ዱቄት ከረገፈ፣ ውስጡ ብል አለ ማለት ነውና ሳይታከም ቤት አይግባ። ሦስተኛ፣ ሁለት ሜትር የበረት ጣውላ ከባድ ነው፤ የጂፕሰሙ ግድግዳ ብቻውን አይሸከመውም። ብሎኑ ከጂፕሰሙ ኋላ ያሉትን ቋሚ እንጨቶች መያዝ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ቋሚ መሃል እስከ ሌላው መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እንድታስፈራሪው ሳይሆን ከሱ ጋር ጋራዥ ገብተሽ አብረሽ እንድታዪው ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንዱንም ታፔላ ሲሠራ አጠገቡ ቆመሽ ታውቂያለሽ?

ጣውላው ቀለም ያለበት ሆኖ ከተገኘ ይተወውና አዲስ የጥድ ጣውላ ገዝቶ ማስረጀት ይችላል፤ ሥራው ደግሞ ልጆችን ያስደስታል። የሚዝግ ዓይነት ቀጭን የብረት ጭረት በአቼቶ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ክዳኑ ግን እንዳይጠብቅ፣ ጋዝ ይፈጥራልና። ጣውላው አስቀድሞ በወፍራም ጥቁር ሻይ ተቀብቶ ይደርቃል። ከዚያ አቼቶው ሲቀባበት፣ ነጩ እንጨት ልጆቹ ዓይናቸው እያየ ወደ ዝናብ የመታው አሮጌ አጥር መልክ ይለወጣል፤ ሻይው ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሻይ ማፍላቱን ለአንቺ ይተውልሽ።

በላዩ ላይ የሚጻፈውስ? እሱ የቤተሰቡን ስምና «ራንች»ን አስቧል። እኔ የምለው አንድ የተሻለ ስም በቤታችሁ ሳይኖር አይቀርም ነው። የኛ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የባለቤትሽ አያት ወይም ቅድመ አያት ፈረሰኛ ከነበሩ የፈረስ ስማቸውን አማትሽ ሳያውቁት አይቀሩም። ያ ስም በወፍራም የግእዝ ፊደል ተቀርጾ በዚያ በሻከረ ጣውላ ላይ ቢወጣ፣ ቴክሳሳዊው የከብት ማደሪያውን ስም በር ላይ እንደሚጽፈው ያለ፣ ግን የእናንተ የሆነ ታፔላ ይሆናል። ከጎኑ ልጆቹ የቤታችሁን የከብት ምልክት ይንደፉ፤ ቴክሳስ ውስጥ ባለ ከብት ሁሉ በጋለ ብረት የሚተኩሰውን ምልክት በየካውንቲው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባል፣ ምልክቱም የራሱ አነባበብ አለው፤ ፊደሉ በጎኑ ከተኛ «ሰነፉ» ይባላል፣ ክንፍ ካለው «በራሪው»። የኛ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከበራችሁ በላይ ያለው የፈረስ ጫማ አፉ ወደ ታች ከሆነ፣ ሰዎች ዕድል ያፈሳል ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ እኔ ሳየው ግን «በ» ነው፤ በር ላይ «በ»።

የእመቤታችን ሥዕል ግን ከክርክሩ ትውጣ። ለጸሎት ወደ ምሥራቅ የምትቆሙበትን ግድግዳ ለዩና ሥዕሏ በመጋረጃዋ እዚያ ትሁን፤ በዚያ ግድግዳ ላይ የሱም ሆነ የአንቺ ሌላ ነገር አይሰቀል። ባለቤትሽ ይህን የሚቃወም አይመስለኝም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ሥዕሏን እንዳቃለለ የሚያሳይ ቃል የለም። «ሳሉን» የሚለው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔም ከበደኝ። የቡና ረከቦት በተዘረጋበት ከራስ በላይ «መጠጥ ቤት» ተብሎ መጻፉ ለደሴ እናት የሚገለጽ ነገር አይደለም። ጋራዡ ወይም የጓሮው በረንዳ ለሱ የተፈጠረ ቦታ ነው። ይህን አንድ ታፔላ «ለእናቴ ስትል» ብለሽ ለምኚው፤ አሥራ አራቱን በአንድ ቃል አውርድ ከምትይው ይልቅ አንዱን ብትለምኚው ይሰማሻል። እናትሽ ሲመጡም የቀሩትን እየዞረ የሚያስጎበኛቸው እሱ ይሁን።

አንድ ጥያቄ ግን ለአንቺ ብቻ አለኝ። ሌማቱን፣ የብራናውን ሥዕልና የሠርጋችሁን ፎቶ ከሻንጣው እንዳታወጪ የከለከለሽ ማነው? ደብዳቤሽን መልሼ ባነበው እሱ ከለከለ የሚል አላገኘሁም። አንዳንዶቻችን ቤት ገዝተን፣ ልጅ ወልደን፣ ግብር እየከፈልን እንኳ ዕቃችንን ከሻንጣ የማናወጣው ነገ ወደ አገር እንመለሳለን ብለን ነው፤ አንቺስ? ግድግዳው የጠበበሽ እሱ ሞልቶት ነው ወይስ አንቺ አራት ዓመት ባዶ ትተሽለት? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ነገር ግን ባለቤትሽ ከዚህኛው ጉዞ ከመመለሱ በፊት ሻንጣውን አውርደሽ ክፈቺው፤ ሌማቱ ብል እንዳልነካው እዪ፤ ምንም አትስቀይ፣ ዕቃውን ሶፋው ላይ ደርድረሽ ብቻ ጠብቂው። ሲገባ የሚያየው የወረደ ታፔላ ሳይሆን የሚሰቀል ዕቃ ይሁን፤ መዶሻውና ሜትሩ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ «የት ይሁን?» ብለሽ ጠይቂው።

ሰባቱ ሳምንት ሲቆጠር ብዙ ይመስላል፤ እሱ ቤት የሚያድርባቸው ቀናት ግን ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያው ዕረፍቱ ይቅርታውና የልጁ ሰሌዳ ይለቅ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ይደርሳል። የፈረስ ስሙን ለመጠየቅ ግን እስከዚያ አትጠብቁ። በበጋው ሰዓታችሁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እንጅባራ ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ አማትሽ ለኪዳን የሚነሡ ከሆነ ነቅተው ታገኟቸዋላችሁ። ልጁ አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ባለቤትሽም ትራኩን ካቆመበት ይግባ። ስሙን ሲነግሯችሁ በየትኛው «ሀ»፣ በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ ጠይቋቸው፤ ልጁ ወረቀት ላይ ይጻፈውና ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው። ጣውላው ላይ ቀለም ከመውረዱ በፊት ፊደሉን እሳቸው ይረሙት።